ደጃፍ ላይ የማይወልቅ ጫማ

ባለቤቴ የወደቀው ከውሃ ሞተሩ አጠገብ ነው። ሞተሩ ሲጮህ ሰው ቢጣራም አይሰማም፤ እኔም አልሰማሁም። ውሃው ቦዩን ሞልቶ ወደ ማንጎዎቹ መሄዱን ትቶ ወደ ክፍላችን ደጃፍ ሲመጣ ነው ልቆጣ የወጣሁት። በጎኑ ተጋድሟል፣ ግራ እጁ ከስሩ ገብቷል።

"አንተ ሰውዬ፣ መተኛ አጣህ?" አልኩት።

እሱ ቀልድ በቀልድ ሳይመልስ የማያድር ሰው ነው። ዝም ሲለኝ ጊዜ ጠጋ ብዬ ሳየው በአፉ በአንዱ ወገን ሊስቅልኝ ይታገላል፤ ሌላው ወገን አልታዘዝ ብሎታል።

ሐኪሞቹ ጀልጣ አሉት። በሀገራችን ስትሮክ የምንለው ነው። ጊዜው የፈረንጆቹ 2013 ማለቂያ ነበር፤ በሳውዲዋ ጂዛንና በዙሪያዋ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ሁሉ ከየእርሻው፣ ከየግንባታው የሚለቅሙበት ወራት። እኔና እሱ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ነበረን። ከፊላችን፣ በስሙ ያስመጣን አሠሪ፣ አንድ ነው፤ ወደ አል-ዒዳቢ በሚወስደው መንገድ፣ ከተራራው ግርጌ የማንጎ እርሻ ያለው ሽማግሌ። ባለቤቴ እርሻውን ይጠብቃል፣ ያጠጣል፤ እኔ በግቢው ውስጥ ባለው ቤታቸው አበስላለሁ፣ አጸዳለሁ። የምንተኛው ከውሃ ሞተሩ ጎን ባለች አንዲት ክፍል ነው። ጠባብ ናት፤ ግን የራሳችን በር ነበራት፣ ባልና ሚስት አንድ ጣሪያ ስር ማደር በዚያ ሀገር ትልቅ ነገር ነው።

ከሆስፒታል ሲመለስ ንግግሩ ደህና ነበር። ግራ እጁ ደከም ብሏል። ግራ እግሩ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። ጭኑን ያነሳል፣ ጉልበቱንም እንደምንም ያጥፋል፤ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ያለው ግን ዝም ብሎ ይንጠለጠላል። ጣቶቹ መሬት ይጭራሉ፣ ትንሽ ጠጠር ካገኙ ይዘውት ይወድቃሉ። እኔ ትከሻው ስር ገብቼ ወደ መታጠቢያ ቤት ስወስደው ሁለታችንም ላብ በላብ እንሆናለን።

ሽማግሌው ሊጠይቁት መጡ። ደጃፋችን ላይ የፕላስቲክ ወንበር ስበው ተቀመጡና ከልባቸው አዘኑለት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ መናደዱ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣

"አንቺ ሥራሽ ጥሩ ነው፣ ትቀሪያለሽ" አሉኝ። "እሱ ግን ኸላስ፣ አበቃ፣ ወደ ሀገሩ፣ ወደ ሰዎቹ ይሂድ። ኹሩጅ እናስመታለታለን። ማንጎው ሲደርስ ሓሪስ፣ ጠባቂ፣ ያስፈልገኛል። ዝንጀሮ በተኛ ሰው አይጠበቅም።"

ኹሩጅ ላይመለሱ መውጫ ነው። ልጆቻችን እናቴ ጋ ናቸው፤ እናቴ እሷ ራሷ ደጋፊ የምትፈልግ ሴት ናት። ይሄን ትልቅ ሰው ማን ሊያነሳው፣ ማን ሊያጥበው ነው? እኔ ብከተለው ደግሞ ሁላችንም ምን ልንበላ ነው? እኔ እዚህ፣ እሱ እዚያ፣ ግማሽ አካሉን ይዞ። ባለቤቴን አየሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

"ባባ፣ ማንጎው እስኪደርስ ድረስ ከሄደስ?" አልኳቸው።

"በእግሩ?"

"በእግሩ።"

ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። "ከሄደ ይቀራል።"

"ኸላስ?"

"ኸላስ" አሉና ወንበሩን ወደ ቦታው መልሰው ሄዱ። ባለቤቴ ከግድግዳው ሳይዞር፣ "በማን እግር ቃል እንደገባሽ ነግረሻቸዋል?" አለኝ። ቀልዱ መመለሱ ደስ አለኝ፤ ግን አልሳቅኩለትም። እልህ ይዞኝ ነበር።

አቡ ዓሪሽ ውስጥ እንዲህ ያለ እግር የሚደግፍ ዕቃ የሚሠራ ሱዳናዊ ባለሙያ አለ አሉን። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሰው የሚያከብር ሰው ነው። የባለቤቴን እግር በጀሶ ጠቅልሎ ቅርጹን ወሰደና በሌላ ቀን ስንመለስ ነጭ ፕላስቲክ ይዞ ጠበቀን፤ ጀቢራ ይሉታል። ከጉልበት ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ ባቱን ከኋላ ይዞ ይወርድና በተረከዙ ዞሮ እስከ ጣቶቹ ድረስ ከስር ይነጠፋል፤ ከፊት በተለጣፊ ማሰሪያ ይታሰራል። የሚንጠለጠለውን እግር ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፣ ሥራው ይኸው ነው። ሱዳናዊው፣ "ያ ሓጅ፣ ከበፊቱ በአንድ ቁጥር የሚበልጥ፣ ሽፍን ጫማ ግዙ" አለን። ከዚያው ከገበያ ጥቁር ባለ ማሰሪያ ጫማ ገዛን። ባለቤቴ ጂዛን ከገባ ጀምሮ ከሸበጥ ሌላ አድርጎ አያውቅም። ጫማውን ሲያየው፣ "ሙሽራ ልታደርጊኝ ነው?" አለኝ።

አሁን የምነግራችሁን ነገር እኛ ካልሆንን ማንም አይሠራውም። የሱዳናዊው መለማመጃ ክፍል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አረንጓዴ ምንጣፍ የተነጠፈበት ነው። መሐል ላይ ሰው ተደግፎ የሚሄድባቸው ሁለት የብረት መደገፊያዎች አሉ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የመስገጃ ምንጣፍ ታጥፎ ተቀምጧል። ሱዳናዊው ራሱ ከክፍሉ የማትወጣ ንጹሕ ነጭ ሸበጥ አለችው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ቤት ከውጭ በመጣ ጫማ ማን ይገባል? በሩ ላይ ስንደርስ ባለቤቴን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ጫማውን እፈታለሁ፣ ከእኔው ጎን ለጎን አስተካክዬ አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ ጀቢራውን እንዳሰረ ያለ ጫማ ይገባል። አንድም ቀን ረስተን አናውቅም። ያሳደጉን ሰዎች ቢያዩን ይኮሩብን ነበር።

ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ አያምርም። ፕላስቲኩ ምንጣፉ ላይ ይንሸራተታል። እግሩን ሲያሳርፍ ጉልበቱ ወደ ኋላ ይሰበራል፣ ወገቡ ይከተለዋል፣ በብረቱ ላይ ይንጠለጠላል። ሱዳናዊው ተንበርክኮ ያያል፣ ያስባል፣ ጀቢራውን ያወልቅና ትኩስ አየር በሚተፋ መሣሪያ ያለሰልሰዋል፣ በሞረድ ይሞርደዋል፣ ስፖንጅ ይለጥፍበታል።

"አሁንስ ያ ሓጅ?"

"ማሻአላህ፣ በጣም ደህና" ይላል የኔ ጨዋ፣ ግንባሩ ላይ ላቡ እየወረደ። ሱዳናዊው አያምነውም፣ ግን ሌላ ቀን ይቀጥረናል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ያው ነው።

ቤትም ያው ነው። ክፍላችን ሰሌን ተነጥፎባታል፣ የምንሰግደውም የምንበላውም እዚያው ላይ ነው፤ ጫማ ደጃፍ ላይ ይቀራል። አንድ ቀን ከሰሌኑ ወደ ሲሚንቶው ሲሻገር ፕላስቲኩ አዳለጠውና ውሃ በርሜሉ ላይ ተከሰከሰ። እየሮጥኩ ስደርስ መሬት ላይ ተቀምጦ በቀኝ እጁ ማሰሪያውን እየፈታ ነው። ጀቢራውን ወደ አልጋው ስር ወረወረው።

"ይሄ እኔን ለመግደል የተሠራ ነው" አለ። "ኹሩጁን ያስመቱልኝ። እናትሽ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን ሰላም እላለሁ። አንቺም ታርፊያለሽ።"

መከፋቴን ባሳየው እሱም ተያይዞ እንደሚፈርስ ስለማውቅ በደረቴ ተኝቼ ጀቢራውን ከአልጋው ስር አወጣሁት። "ብትፈልግ ተቆጣኝ" አልኩት። "ግን ቆመህ ተቆጣ። ከመሬት የሚቆጣኝ ሰው አልሰማም።"

በመጨረሻ እግሩን ዘረጋልኝ። አሰርኩለት። ተነሳና ቆሞ ተቆጣኝ፤ የቀረውን ሁሉ ዘረገፈው። እያንዳንዱን ስድቡን በደስታ ሰማሁት።

ማንጎዎቹ ግን አበባቸውን ጨርሰው ፍሬ መያዝ ጀምረዋል። በየቀኑ ቅርንጫፉን ቀና ብዬ አያለሁ፤ ፍሬው በጨመረ ቁጥር እኔ እቀንሳለሁ። ሰው ማንጎ ሲያድግበት ሲናደድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እናደድ ነበር።

ወደ አቡ ዓሪሽ ስንሄድ የሽማግሌው ሾፌር ነው የሚወስደን። አንድ ጠዋት መንገድ ላይ ፍተሻ ገጠመን። ጎን ላይ አውቶቡስ ቆሟል፤ ከጡዋል በኩል፣ ከጠረፉ የተያዙ የሀገራችን ልጆች ሞልተውበታል። መስኮቱ ላይ ፊት በፊት ተደራርቧል። አንዲት ሴት ጭንቅላቷን መስታወቱ ላይ ደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ኢቃማዬ ቦርሳዬ ውስጥ መኖሩን ደግሜ ደጋግሜ ዳበስኩ፤ ወረቀት እያለኝም በነሱ ፊት ወንጀለኛ የሆንኩ መሰለኝ።

ወታደሩ ባለቤቴን፣ "ውረድ፣ ወረቀትህን ይዘህ እዚያ ድረስ ና" አለው። እዚያ ያለው ጠረጴዛ ከመኪናው ራቅ ይላል። እኔ ልወርድ በሩን ስከፍት፣ "አንቺ ተቀመጪ" አለኝ።

ባለቤቴ ወረደ። በሩን ይዞ ቆመ፣ ከዚያ በሩን ለቀቀ። ኢቃማውን በቀኝ እጁ ከፍ አድርጎ አስፋልቱን መሻገር ጀመረ። ከአውቶቡሱ ውስጥ አንድ ድምፅ በአማርኛ፣ "አይዞህ አባቴ! ቀስ በል!" ሲል ሰማሁ። ራሱ ታስሮ ወደማያውቀው የሚሄድ ሰው ለኔ ባል አይዞህ ይላል። እንባዬ መጣ፤ እንባዬን ስጠርግ ደግሞ ያላየሁትን አየሁ።

ባለቤቴ እየሄደ ነው። ከኋላው አይቼው አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ትከሻው ስር ነኝ። ተረከዙ ይቀድማል፣ ጉልበቱ ወደ ኋላ አይሰበርም፣ ወገቡ ቀጥ ብሏል። ቀስ ይላል፣ ያነክሳል፣ ግን ይሄዳል። ወታደሩ ወረቀቱን አይቶ እግሩን በዓይኑ ለካና፣ "አላህ ይሽርህ" ብሎ መለሰው። ተመልሶም መጣ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ባለቤቴ ቀና ብሎ በቀኝ እጁ ሰላምታ ሰጣቸው። ማን እንደጠራው ግን አላወቅንም፤ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ክሊኒኩ ስንደርስ እንደ ልማዳችን በርጩማው ላይ አስቀመጥኩት፣ ጫማውን ፈታሁ፣ ገባን። ብረቶቹ መሐል ቆመ፣ እግሩን አሳረፈ፣ ጉልበቱ ወደ ኋላ ተሰበረ። ሱዳናዊው ሞረዱን አነሳ።

"መንገድ ላይ እንዲህ አልነበረም!" ብዬ ጮህኩ።

ሱዳናዊው ቀና አለ። "እንዴት ነበር ያ ኡኽቲ፣ እህቴ?"

"ይሄድ ነበር! አስፋልት ላይ ብቻውን ሲሄድ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!"

"በምን? በዚሁ በጀቢራው?"

"በጀቢራውና በጫማው።"

ሞረዱን አስቀመጠ። "ጫማ አላችሁ?"

"ያኔ ግዙ ስትለን ገዝተናል። በሩ ላይ ነው።"

ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ። ጫማዎቹ ጎን ለጎን ተሰድረዋል፤ ጥቁሮቹ ተወልውለው ያብረቀርቃሉ፣ ወደ ቀጠሮ ስንሄድ ሁሌ እወለውላቸዋለሁ። ሰውየው ደፉ ላይ ቁጭ አለና ራሱን ያዘ። መጀመሪያ ያመመው መሰለኝ። ከዚያ ትከሻው ሲነቃነቅ እየሳቀ እንደሆነ አወቅኩ፤ ሲዞር ደግሞ ዓይኑ እርጥብ ነበር።

"መግዛት ያቃታችሁ መስሎኝ እኮ ነው" አለ። "ሁለቴ መጠየቅ አፈርኩ። ባዶ እግሩን ስለሚመጣ ለባዶ እግር እንዲሆን ብዬ ስሞርደው ከረምኩ።"

"እኛ ደግሞ ምንጣፍህን መርገጥ አፈርን" አለ ባለቤቴ ከብረቶቹ መሐል።

ሦስታችንም ተሳሳቅን። ያን ሁሉ ጊዜ እሱ እኛን አክብሮ፣ እኛ እሱን አክብረን፣ መከራውን ያየው የባለቤቴ ጉልበት ነው። ሱዳናዊው ጫማዎቹን በገዛ እጁ ይዞ ገባ፣ አረንጓዴው ምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ አደረገለት። ጀቢራው የተሠራው ከነተረከዙ ለጫማ እንደሆነ፣ ያለ ጫማ እግሩን ወደ ኋላ እንደሚገፋው አስረዳን። ከዚያ የለጠፈውን ስፖንጅ አንድ በአንድ ላጠ። "ከአልጋ ስትነሳ አድርገው፣ አልጋ ስትወጣ አውልቀው። ቤት ውስጥም ቢሆን። በተለይ ቤት ውስጥ" አለው።

ቤት ውስጥ ማለቱ ለኛ ቀላል አልነበረም። ባለቤቴ የመጀመሪያ ቀን ደጃፋችን ላይ ቆሞ አልገባም አለ፤ የምንሰግድበትን በጫማ አልረግጥም ብሎ። ሰሌኑን ጠቀለልኩና የክፍሏ ግማሽ ላይ ብቻ መልሼ ዘረጋሁት፤ ያኛው ወገን ለሶላታችን፣ ይህኛው ለጫማው። ደፉ ላይ እርጥብ ጨርቅ አስቀመጥኩና ከውጭ በገባ ቁጥር ሶሉን እየጠረግኩ አስገባዋለሁ። ሲሰግድ አውልቄለት ተቀምጦ ይሰግዳል። ሶሉን ስጠርግ ራሱን ደፍቶ ያየኛል፣ ያፍራል። "ፈረስም እንዲህ አይደረግለት" ይለኛል። "ፈረስ ቢሆንማ ተቀምጬብህ እሄድ ነበር" እለዋለሁ።

ከዚያ በኋላ መሄድ ብቻ ሆነ ሥራችን። ጠዋት የቤቱን ሥራ ሳልጀምር፣ ማታ ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ከሞተሩ እስከ መጀመሪያው ማንጎ፣ ከዚያ እስከ ቦዩ፣ ከዚያ ቦዩን ተሻግሮ። እኔ ከኋላው ነኝ፤ ትከሻው ስር መግባት ትቻለሁ። ሲንገዳገድ እጄን እዘረጋና ሳልይዘው መልሼ እሰበስባለሁ፣ ምክንያቱም መያዝ የለመደ መሄድ አይለምድም ብሎ ሱዳናዊው አስጠንቅቆኛል። ወደቀ፣ ተነሳ፤ ወደቀ፣ ተነሳ። ዝንጀሮዎቹ ግንቡ ላይ ተደርድረው ያዩታል። አንድ ቀን በያዘው ዱላ ወደነሱ አመለከተና፣ "ቆይ ብቻ!" አላቸው። ያን ቀን ማታ እራቱን ጨርሶ በላ።

ማንጎው ሲቀላ ሽማግሌው አስጠሩት። አርብ ከዐሱር በኋላ ነበር፤ ልጆቻቸው ከከተማ መጥተው መጅሊስ በሚሉት የእንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። መጅሊሱን የማጸዳው እኔ ስለሆንኩ ምንጣፉን አውቀዋለሁ፤ ቀይ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ሰው ሲረግጠው እግሩ ይሰምጣል። ደጃፉ ላይ የልጆቹ ጫማ ሁሉ ተደርድሯል። ከመሄዱ በፊት የጫማውን ሶል በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ አጠብኩት። ሌላ ላደርግለት የምችለው ነገር አልነበረም። እኔ ሻይ የያዘውን ትሪ ይዤ በጓዳው በኩል ባለው በር ቆምኩ።

ባለቤቴ ዋናው በር ላይ ደረሰና ሰላምታ ሰጠ። ትልቁ ልጅ ቀና እንኳ ሳይል፣ "ጫማህን አውልቅና ግባ" አለው።

ባለቤቴ ቆመ። ካወለቀ በዚያ ወፍራም ምንጣፍ ላይ በሁሉም ፊት ይወድቃል፤ ከወደቀ ኹሩጅ ነው። ካላወለቀ የሰው መጅሊስ በጫማ ረገጠ ይባላል። ይሄ የሱዳናዊውን ምንጣፍ ላለመርገጥ ሲንገላታ የከረመ ሰው ነው። ጎንበስ አለ። እጁ ወደ ማሰሪያው ሲሄድ አየሁ። አትፍታ፣ አትፍታ እላለሁ በሆዴ።

ቀና አለ።

"ያ ዓም፣ አጎቴ" አላቸው ሽማግሌውን፣ "ይሄ ጫማ አይደለም፣ እግሬ ነው። እግሬን ደጅ ትቼ መግባት አልችልም።"

ትልቁ ልጅ ፊቱ ተለዋውጦ ሊነሳ ሲል ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ። ለረጅም ጊዜ የባለቤቴን እግር አዩ። ከዚያ ትራሳቸውን ገፉና በሁለት እጃቸው ተደግፈው ተነሱ፤ እሳቸውም ጉልበት የላቸውም፣ ሲነሱ ያቃስታሉ። በሩ ድረስ ሄደው ጎንበስ አሉና የምንጣፉን ጫፍ ይዘው መጠቅለል ጀመሩ። ልጆቹ ዘለው ተነስተው ተቀበሏቸው። ቀዩ ምንጣፍ እየተጠቀለለ እስከ ግድግዳው ሄደ፣ ከስሩ እኔ ለዓመታት ምንጣፉን እያነሳሁ የወለወልኩት ነጭ ንጣፍ ወጣ።

"ተዓል" አሉት። ና ማለት ነው።

ሄደ። ተረከዙ ንጣፉን ሲነካ በያንዳንዱ እርምጃ ድምፁ ይሰማል፤ ጣቶቹ አይጭሩም። ሽማግሌው አጠገብ ደረሰና ቆመ። "ተመለስ" አሉት። መዞር ከመሄድ ይከብዳል፣ ይሄን የማውቀው እኔ ነኝ። በትንንሽ እርምጃ ዞሮ እስከ በሩ ተመለሰ።

"ያ ሓሪስ" አሉት ሽማግሌው፣ ድሮ ሲጣሩ በነበረበት በዚያው በቁጡ ድምፃቸው። "ከጠዋት ጀምሮ ዝንጀሮ ታችኛው መስመር ላይ ወርዷል ይላሉ። ማን አለ እዚያ?"

"ማንም የለም፣ ያ ዓም።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ያላ!"

ትሪውን መሬት ላይ አኖርኩትና በጓዳው ዞሬ ወደ ዋናው በር ሮጥኩ። ሳይወጣ ቀድሜ መድረስ ነበረብኝ። ደጃፉ ላይ እንደደረስኩ፣ እጄ ለምዶበት፣ ጎንበስ ብዬ ከተደረደሩት ጫማዎች መሐል ጥቁሮቹን መፈለግ ጀመርኩ፤ አውጥቼ፣ ከፊቱ አስተካክዬ፣ ላጠልቅለት። የልጆቹን ጫማ ሁሉ አገላበጥኩ። የሉም። ቀና ስል ባለቤቴ ከሞተሩ አልፏል፣ ጥቁር ጫማውን እንዳደረገ ቦዩን እየተሻገረ ነው፣ ዱላውን ወደ ላይ አንስቶ ዝንጀሮዎቹን እየሰደበ። ወደ ኋላ ዞሮ እኔን አልፈለገኝም። የሰው ጫማ በእጄ እንደያዝኩ እዚያው ደፉ ላይ ተቀምጬ፣ ከደስታ ብዛት ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።